«መጠነኛ መቀዛቀዝ» የተባልነው እኛ ነን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ትልቁ ተቋራጭ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ቆሜ፣ ከዚያ ተቀምጬ። ኩባንያው ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደተረፈ ይተርካል። ሥራ አስኪያጁ ከረባት አስረው ፎቶ ተነስተዋል። ከኋላቸው የአዲስ አበባ አዲስ አስፋልት፣ ዘንባባ፣ የመንገድ መብራት። ያምራል። ስለ እኛ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያገኘሁት፤ በክልል ፕሮጀክቶች ላይ «መጠነኛ መቀዛቀዝ» ታይቷል ይላል።

መጠነኛ!

ያ መጠነኛ እኔ ነኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሁለት ገልባጭ መኪና አለኝ። አለኝ ስል አንዱ ከቆመ ዓመት አልፎታል። ከከተማው ወጣ ብሎ ለሚሠራ መንገድ ጠጠርና ገረገንቲ (ለመንገድ መሙያ የሚሆን አፈር) አመላልስ ነበር። የኩባንያውን ስም እናንተ ጽፋችሁታል፤ እኔ አልደግመውም። ገንዘቤ ገና እጁ ላይ ነው፣ ላስቀይመው አልፈልግም።

አንድ ነገር ላስቀድም። ኩባንያው ተቸግሬ ነበር ማለቱ እውነት ነው። ለመንገዱ ሥራ ዋጋ የሰጠው በ2015 ነው። ያኔ ዶላር በባንክ 53 ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ሬንጁ ከውጭ ነው የሚመጣው። ጎማው ከውጭ ነው። የግሬደሩ መለዋወጫ ከውጭ ነው። ናፍጣው ያው ነው። በዚያ ዋጋ የገባ ሰው ሥራውን ልጨርስ ቢል ይከስራል። ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ጎማ መግዛት ይበቃል።

በዚያ ላይ ብድር ጠፋ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። የዋጋ ንረቱን ለማብረድ ነው ተባለ፤ ይሁን፣ ይገባኛል። ግን ባንክ ለተቋራጩ ካላበደረው ከማን ተበደረ? ጋዜጠኛችሁ ይህችን አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ እኔ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ከእኔ ነው የተበደረው። ከእኔና ከመሰሎቼ።

ዘገባችሁ ላይ ኩባንያው «ከአቅራቢዎች ጋር የክፍያ ጊዜን በማስተካከል» የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ጠበቀ ትላላችሁ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ባለቤቴ ምን ሆንክ አለችኝ። ተስተካክለናል አልኳት። ጊዜያችን ተስተካክሏል። እሷ ደግሞ የቤት ኪራዩንስ አላስተካከሉልህም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ተቋራጩ በየወሩ የሠራውን አስለክቶ ሰርተፍኬት፣ ማለት የክፍያ ጥያቄ፣ ያቀርባል። አማካሪው መሐንዲስ አይቶ ያጸድቃል። አሠሪው፣ ማለት መንገዱን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት፣ ይከፍላል። በትልልቅ መንገዶች ላይ የሚሠራበት ፊዲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ለዚህ 56 ቀን ይሰጣል። ካለፈ ተቋራጩ ወለድ መጠየቅ ይችላል። ሥራውን ሲጀምርም እስከ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይወስዳል።

የእኔ ውል ሦስት ገጽ ናት። ቅድመ ክፍያ የላትም። ወለድ የላትም። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አላት፤ ለእኛ ሲከፈለን እንከፍላለን የምትል። እሺ፣ ሲከፈላቸው እኔ በምን አውቃለሁ? ሰርተፍኬቱን አያሳዩኝም። ፋይናንስ ክፍል ስደውል «አሠሪው አልለቀቀልንም» ነው መልሱ። ፕሮጀክት ማናጀሩ ስልክ አያነሳም። ሲያነሳም ስብሰባ ላይ ነው። ሰውየው የሚሰበሰበውን ያህል መንገድ ቢሠራ ኖሮ ይኼኔ ጅቡቲ ደርሶ ነበር።

እና እናንተ ደረሳችሁልኝ! ኩባንያው ባለፈው በጀት ዓመት ውዝፍ ክፍያዎቹን በአብዛኛው ሰብስቧል ብላችሁ ጻፋችሁ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ለስኬቱ ማሳያ ብላችሁ ነው ያስገባችሁት። እኔ በየሳምንቱ ደውዬ ያጣሁትን መረጃ በጋዜጣ አገኘሁት። ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ገጹን ቆርጬ ፋይሌ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ስለ ታክሱም ልንገራችሁ። ደረሰኝ ካልቆረጥክ ሰነድህ አይንቀሳቀስም አሉኝ። ቆረጥኩ። ደረሰኝ ከተቆረጠ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በወሩ ለግብር ቢሮ ታውቆ መከፈል አለበት፤ ገንዘቡ ይምጣ አይምጣ ሕጉ አይጠብቅም። ስለዚህ ያልተቀበልኩትን ገንዘብ ታክስ ከኪሴ ከፈልኩ። ኩባንያው ጠጠሬን በዱቤ ወሰደ፣ ታክሱንም እኔው ቻልኩለት። ለእንዲህ ዓይነቱ አበዳሪ ቢያንስ ስሙን በምስጋና መጥቀስ ይገባ ነበር።

ጠበቃ ጋ ሄጄ ነበር። እሱ በደንብ አስረዳኝ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አስተዳደር ውሎች ሲናገር፣ ያልታሰበ ነገር መጥቶ ውሉ ከተናጋ ከመንግሥት ጋር የተዋዋለው ሰው እገዛ የሚያገኝበትን መንገድ አስቀምጧል። በውሉ ውስጥ ራሱ የዋጋ ማስተካከያ ካለም ይጠቀምበታል። እኔ ግን የተዋዋልኩት ከግል ድርጅት ጋር ነው። እኔን የሚመለከተኝ አንቀጽ 1764 ነው። ሁኔታው ተለውጦ ግዴታህ ካሰብከው በላይ ቢከብድህም ውሉ እንደጸና ይቀጥላል ይላል። እንግዲህ ናፍጣ በኩባንያው ሮለር ውስጥ ሲገባ ይወደዳል። ያው ናፍጣ ከዚያው ማደያ ተቀድቶ የእኔ ገልባጭ ውስጥ ሲገባ በ2015 ዋጋ ይቆያል። ለካ ተአምረኛ መኪና ነው የያዝኩት።

ክሰስ የሚለኝ አለ። ልክስ እችላለሁ። ነገር ግን ከከሰስኩ ሌላ ሥራ ማን ይሰጠኛል? ተቋራጮቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ለዳኝነትም ገንዘብ ያስፈልጋል። ያን ገንዘብ ደግሞ ያው አበድሬዋለሁ።

እኔስ ቢያንስ ውል አለኝ። የኩባንያው ካምፕ በር ላይ ለሠራተኞቹ ምግብ የምታበስል እናት አለች። ያላት የዱቤ ደብተር ነው። ቀን ሠራተኛው ደመወዝ ሲዘገይበት ሽሮውን በዱቤ በላ። ደመወዙ ሲቀር እሱም ወደ አገሩ ገባ። ደብተሩ እሷ ጋ ቀረ። ጎሚስታው የእኔ ዕዳ አለበት፤ ማለት እኔ አለብኝ፣ እሱ ይጠብቃል። ሾፌሬ በቢያጆ፣ ማለት በምልልሱ ቁጥር፣ ነበር የሚከፈለው፣ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ለመሐንዲሶቹ ቤት ያከራየው ሰውዬ ኪራዩን ተማምኖ ፎቅ ጀምሮ ነበር። ፌሮው አናቱ ላይ ቆሞ ዝጓል። እነዚህ ሁሉ ሰዎች በኩባንያው ሒሳብ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ናቸው። እናንተ ጋ ደግሞ አንድ ቅጽል ሆኑ።

ከተማችን ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በ2004 የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ባቡር ውል ለቱርኩ ያፒ መርከዚ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ሲሰጥ ሆቴሉም ኪራዩም ተነቃቅቶ ነበር። ሐዲዱ እስከ ከተማችን ተነጥፏል፤ እኔ ግን ተሳፍሬበት አላውቅም። በጥቅምት 2014 ደግሞ ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ያጣ ሁሉ ከዜሮ ነው የጀመረው። እኔም ጭምር። ሁለተኛውን ገልባጭ የገዛሁት ይህ መንገድ መጣ ብዬ ነው።

ኩባንያው ማሽኖቹን «ክፍያቸው ወደተሻለ ሥራዎች» አዛወረ ብላችሁ እንደ ብልሃት ጽፋችኋል። ሲያዛውር አይቻለሁ። በማለዳ ግሬደሩና ሮለሩ ሎቤድ (ማሽን መጫኛ ተሳቢ) ላይ ተጭነው ወደ ሐርቡ አቅጣጫ ወረዱ። አዲስ አበባ የኮሪደር ሥራ ቀንና ሌሊት ነው፣ ክፍያውም ይፈጥናል ይባላል። ነጋዴ ነኝ፣ አልፈርድም፤ እኔም ብሆን ወደሚከፍለው እሄድ ነበር። ግን የሄደው በእኔ ናፍጣ ነው። እዚህ የቀረው የተቆፈረ መንገድ ነው። ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲደርቅ አቧራ። ነፍሰ ጡር የያዘ መኪና በዚያ ሲያልፍ ብታዩ «መጠነኛ» የሚለውን ቃል ለሁለት ቀን አትጽፉትም ነበር።

የምጠይቀው ማስተካከያ ትልቅ አይደለም። ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፉልኝ። ኩባንያው በክልል ያሉ አቅራቢዎቹን ሳይከፍል በመቆየት የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ጠበቀ በሉ። ቃላቱ ከእናንተው ናቸው፣ አንድ ሁለቱን ብቻ ነው የለወጥኩት።

ጋዜጠኛችሁ በዓይኔ ልይ ካለም ይምጣ። ካምፑን አያጣውም። አጥሩ እንዳለ ነው። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ አለ። እሱም ስድስት ወር ሙሉ አልተከፈለውም፣ ስለዚህ ለወሬ ጊዜ አለው።

ጠጠር አቅራቢ፣
ከኮምቦልቻ