ለቅዳሜው የፊልም ውይይታችን

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ የምናወራው በ2008 እ.ኤ.አ. ስለወጣው የባትማን ፊልም «ዘ ዳርክ ናይት» ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ጆከርን ነው። እኔን ግን አልለቅ ያለኝ የስልኮቹ ነገር ነው። ባትማን ጆከርን ለመያዝ ብሎ የከተማውን ሰው ስልክ ሁሉ መሰለያ ያደርገዋል። መሣሪያዎቹን የሚያዘጋጅለት ሉሺየስ ፎክስ ለአንዴ ብቻ ይተባበረዋል፤ ማሽኑ ካልጠፋ ግን ሥራዬን እለቃለሁ ይላል። ሰውን ሁሉ መሰለል ከሴፕቴምበር 11ዱ (2001 እ.ኤ.አ.) ጥቃት በኋላ አሜሪካኖች አጥብቀው የተከራከሩበት ጉዳይ እኮ ነው።

ሙስናውስ? ፖሊሷ ራሚሬዝ የባትማንን የልጅነት ጓደኛ ሬቸልን ለወንጀለኞቹ አሳልፋ የሰጠችው በእናቷ የሆስፒታል ዕዳ ተይዛ ነው። ክፉ ሴት አትመስልም። በጣም ያስደነገጠኝም ይሄው ነው።

ከመምጣታችሁ በፊት ጆከር በሁለት ጀልባዎች ላሉ ሰዎች አንዱ የሌላውን ጀልባ ማፈንጃ የሚሰጥበትን ትዕይንት ደግማችሁ እዩት። በአንደኛው ጀልባ ማፈንጃውን በመስኮት የወረወረው እስረኛ ነው። ከእሱ እንጀምራለን።