የጎደለው ማሽን አይደለም፤ ለከተማችን ጤና ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፦

በሐምሌ፣ በመስከረምና በኅዳር ሦስት ደብዳቤዎች ለቢሮዎ አስገብቻለሁ። ሦስቱም በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። መልስ ያገኘሁት ለሁለተኛው ብቻ ነው፤ እሱም «ቢሮው ተጨማሪ የሲቲ ስካን ማሽን ለመግዛት በሂደት ላይ ይገኛል» የሚል ነበር። እኔ ማሽን ይገዛ ብዬ አልጠየቅሁም፤ የጠየቅሁት የቆሽት ካንሰር ለተጠረጠረበት ሰው ባለው ማሽን ትክክለኛው ምስል እንዲነሳ ነው። ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው ያነበበ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ መልስ አይጻፍም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሁሉም በሚያነብበት ቦታ እጽፍልዎታለሁ።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ሽንታቸው እንደ ወፍራም ሻይ ጠቆረ፤ ሰገራቸው ነጣ፤ ሌሊት ቆዳቸው እስኪደማ ድረስ ያካሉ። የሚያማቸው ነገር ግን አልነበረም። ዘመድ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ቅጠል ይዞ መጣ፤ እኛ ወደ ሐኪም ወሰድናቸው። አልትራሳውንዱ የሐሞት ቱቦው መስፋቱን፣ ከታች በኩልም የዘጋው ነገር መኖሩን አሳየ።

መጀመሪያ የተደረገላቸው ሐሞቱ እንዲፈስ ስቴንት፣ ማለትም የተዘጋውን ቱቦ ከፍቶ የሚይዝ ቀጭን ቧንቧ፣ ማስገባት ነው። ሲቲ ስካን የታዘዘው ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ነው። ቅደም ተከተሉ እንደተገለበጠ ያን ጊዜ አላወቅሁም። ስቴንት በገባ ሰሞን ቆሽት ሊቆጣ ይችላል፤ ሲቆጣ ያብጣል፤ ያበጠው ከቁጣ ይሁን ከካንሰር በምስል ላይ ለመለየት ያስቸግራል። ኢንፌክሽን ወይም ሌላ አስቸኳይ ነገር ካላስገደደ በቀር ምስሉ የሚቀድመው ለዚህ ነው። ይህን እርስዎም ቢሮዎም ታውቃላችሁ።

ለሲቲ ስካኑ የአባቴን የሦስት ወር ጡረታ ከፈልን። የተሰጠን ሪፖርት አራት መስመር ነበር፦ በቆሽት ራስ ላይ እብጠት አለ፤ ስቴንት ይታያል፤ ጉበት ላይ ጉልህ ነገር የለም፤ ሐሳብ፦ የቆሽት ካንሰር ሊሆን ይችላል። በቆሽት ራስ አጠገብ ስለሚያልፉት ደም ሥሮች አንድም ቃል የለም። ቀዶ ሐኪም ግን ከምንም በፊት ማወቅ የሚፈልገው ካንሰሩ እነሱን መንካቱንና አለመንካቱን ነው።

በመጋቢት መጀመሪያ ለቀዶ ሕክምና ገቡ። ስድስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል ተብለን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። አራት ሰዓት ሳይሞላ ሐኪሙ ወጣ። ካንሰሩ አንጀትን የሚመግበውን ትልቁን ደም ቅዳ ቧንቧ ከብቦ ስላገኙት ምንም ሳይነኩ መልሰው እንደዘጉት ነገረን። ማታ ላይ አባቴ ከሰመመን ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁኝ «አወጡት?» ብለው ነው። «አዎ» አልኳቸው። ሰባት ሳምንት ሙሉ፣ ፋሲካ አልፎ በሁለተኛው ሳምንት እስኪያርፉ ድረስ፣ «አዎ» እንዳልኩ ቆየሁ።

ከቀብራቸው በኋላ ሲዲውን ይዤ ወደ አንዲት የራዲዮሎጂ ሐኪም ሄድኩ። አጠገቧ አስቀምጣ አንድ በአንድ አሳየችኝ። ኮንትራስቱ፣ ማለትም ደም ሥሮችን በምስል ላይ የሚያደምቀው መድኃኒት፣ በክንድ ከተወጋ በኋላ ከ40 እስከ 45 ሰከንድ አካባቢ ጤነኛው ቆሽት በደም ተሞልቶ ይደምቃል፤ ካንሰሩ ብዙ ደም ስለማይስብ ጠቁሮ ይቀራል። ደም ቅዳ ቧንቧዎቹም በዚያው ቅጽበት ጎልተው ይታያሉ። ወደ 70 ሰከንድ ሲቃረብ ደግሞ ጉበቱና ወደ እሱ የሚገቡት ደም መልስ ቧንቧዎች ይደምቃሉ፤ በቆሽቱና በካንሰሩ መካከል የነበረው ልዩነት እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ማንሳት ያስፈልጋል። የአባቴ ምስል የተነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በኋለኛው ሰዓት። የተቀመጠውም በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተከትፎ ነው። ለዚህ በሽታ ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ያ ደም ቅዳ ራሱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የቀጠነ ነውና። «በዚህ ምስል ከቦታል ማለትም አልከበበም ማለትም አይቻልም» አለችኝ።

ማሽኑ አርጅቶ እንደሆነ ጠየቅኋት። ባለ 64 ነው፣ ማለትም በአንድ ዙር 64 ስስ ቁራጭ ምስል የሚያነሳ፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች አድርጎ ማንሳት ይችላል አለች።

ክቡር ኃላፊ፣ ቢሮዎ ማሽን እንገዛለን ብሎ የመለሰልኝ ለዚህ አቤቱታ ነው። ያለው ማሽን የሚችለውን እንዲሠራ ያዘዘው ሰው አልነበረም። የማዘዣው ወረቀት «የሆድ ሲቲ ስካን» ይላል እንጂ ምን እንደሚፈለግ አይናገርም። ያነሳው ባለሙያ በታዘዘው መሠረት አነሳ፤ ያነበበው ሐኪም የሚታየውን ጻፈ፤ ቀዶ ሐኪሙ በተሰጠው ወረቀት ተማምኖ ቢላዋ አነሳ።

ትክክለኛ ምስል ቢነሳ አባቴ ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር አልልም። ይህ ካንሰር ሲገኝ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችለው ከ100 ታማሚዎች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ጥሩ ምስልም ቢሆን በጉበት ገጽና በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የተበተኑ ጥቃቅን ነጠብጣቦችን ሊስት ይችላል። ይህን ተረድቻለሁ። በአባቴ ላይ የተገኘው ግን ጥቃቅን ነጠብጣብ አልነበረም፤ ካንሰሩ ትልቅ ደም ሥር ከብቦ ነበር። ካንሰሩ የደም ቅዳውን ዙሪያ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም ከ180 ዲግሪ በላይ ከያዘ ሕክምናው የሚጀምረው በቢላዋ አይደለም፤ አቅም ላለው ሰው ኬሞቴራፒ ነው የሚቀድመው። አባቴ በየካቲት በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነበሩ። ከመጋቢት በኋላ ከአልጋ አልወረዱም፤ ቁስሉ አልድን ብሎ ኬሞቴራፒውን ሳይጀምሩ ቀሩ። የተወሰደባቸው ይህ ነው፤ የቀረቻቸው ጥቂት ጊዜ።

የሐሞት ቱቦ ካንሰርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ቱቦዎቹ ከጉበት ሲወጡ በሚገናኙበት ቦታ የሚነሳው ዓይነት ወደ ቀኝና ወደ ግራ ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ ካልታወቀ የጉበቱ የቱ ክፍል እንደሚቆረጥ አይታወቅም። ለዚያ የሐሞት ቱቦ ኤምአርአይ ያስፈልጋል፤ እሱም ቱቦው ተከፍቶ ሐሞቱ ከመፍሰሱ በፊት።

ሲቲ ስካን የሚያነሱትን ማዕከላት ፈቃድ የሚያድሰው የእርስዎ ቢሮ ነው። ተቆጣጣሪዎችዎ ሲሄዱ የባለሙያውን ቁጥርና የጨረር መከላከያ በሩን ይመለከታሉ። አንድ ሲዲ ከፍተው፣ በየትኛው ሰከንድ እንደተነሳና በስንት ሚሊ ሜትር እንደተከተፈ ይዩ። የአሜሪካ የሆድ ራዲዮሎጂና የቆሽት ሕክምና ማኅበራት በ2014 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱን ደም ሥር በስሙ እየጠራ የሚጠይቅ የሪፖርት ቅጽ አውጥተዋል። ያንን ተርጉሞ ማባዛት የጨረታ ሰነድ አይፈልግም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ታማሚ አስቸኳይ ነገር ከሌለበት ከስቴንት በፊት ምስል እንዲነሳ፣ ማዘዣው ላይ «ለቆሽት» ተብሎ እንዲጻፍ፣ ስለ ደም ሥሮቹ ዝም ያለ ሪፖርት እንዲመለስ የሚያዝዝ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። የቢሮው ማኅተም ያለው በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ለአባቴ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ከቤታችን ሦስተኛው በር ላይ የሚኖሩ እናት ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ አየሁ። ልጃቸው ማዘዣውን አሳየችኝ። «የሆድ ሲቲ ስካን» ይላል፤ ስቴንቱ ነገ ይገባል፤ ምስሉ ቀጠሮ የተያዘለት ለሐሙስ ሳምንት ነው፤ የሚነሳውም በዚያው ማሽን ነው።