ጓንታችንን የምንፈትሽበት መሣሪያ እንግዛ፦ ከደሴ የጥገና ባለሙያዎች የድጋፍ ጥሪ

በደሴ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ ማታ ሹራብ ስናወልቅ በመፋተግ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ (ስታቲክ) ይንጣጣል፤ መብራት ከሌለ ብልጭታውም ይታያል። ለሌላው ሰው ከመደንገጥ አያልፍም። ስልክና ኮምፒውተር ለምንጠግን ግን ክፉ ወቅት ነው። ሰው ንዝረቱ የሚሰማው 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከ100 ቮልት በታች የሚጎዳ አይሲ (በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ጥቃቅን ቺፕ) ግን አለ።

የተጎዳው ሁሉ ደግሞ ወዲያው አይሞትም። ባለፈው በጋ የአንዲት ተማሪ ስልክ ጠግኜ ደስ ብሏት ሄደች፤ በሦስተኛው ሳምንት ጠፍቶባት ተመለሰች። በአጉሊ መነጽር ባየው ብየዳው ንጹሕ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ነገር ግን እጄ ላይ የነበረውን «ፀረ ስታቲክ» የተባለ ጓንት ከዚያ ወዲህ አላምነውም።

በሰውነታችን የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ የእጅ አንጓ ማሰሪያ እናደርጋለን። ጓንቱ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ከሆነ ግን በወረንጦው ላይ የተጠራቀመው የኤሌክትሪክ ሙል ወደ ማሰሪያው መንገድ አያገኝም። ስለዚህ ጓንት የሚፈተሸው እጅ ላይ እንደተጠለቀ ነው። ጠጋኙ በአንድ እጁ የብረት መያዣ ይጨብጣል፤ ጓንት ባጠለቀው እጁ ጣት ሌላውን ብረት ይጫናል፤ መሣሪያው 100 ቮልት ልኮ የጓንቱንና የሰውነቱን ተቃውሞ አንድ ላይ ያነባል። ከ1 እስከ 1,000 ሜጋኦም (አንድ ሜጋኦም አንድ ሚሊዮን ኦም ነው) ያነበበውን እንቀበላለን። በየሱቃችን ያለው መልቲሜትር በትንሽ ባትሪ ስለሚሠራ እስከዚህ ከፍተኛ ተቃውሞ ድረስ አያነብም።

አየሩም ወሳኝ ነው። በነሐሴ እርጥበት ያለፈ ጓንት በታኅሣሥ ድርቀት ሊወድቅ ስለሚችል በሁለቱም ወቅት እንፈትሻለን።

የሚያስፈልገን ከፍተኛ ተቃውሞ የሚለካ አንድ መሣሪያ ከነብረቶቹ፣ አንድ የእርጥበት መለኪያና ለሙከራ የሚሆኑ የላቴክስ፣ የናይትሪልና የካርቦን ክር ጓንቶች ናቸው። መሣሪያው የማንም የግል ንብረት አይሆንም። እንደ ቅሬ (እድር) ድንኳንና ድስት ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ የመጣ ጠጋኝ ፈርሞ ይወስዳል፣ ፈርሞ ይመልሳል። ውጤቱንም ጓንት የሚገዛ ሁሉ እንዲያየው በየሱቁ እንለጥፋለን።

በውጭ አገር በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ የምትሠሩ የወሎ ልጆች፣ ያገለገለ ነገር ግን ልኬቱ የተረጋገጠ መሣሪያ ብታገኙ ከገንዘቡ ይበልጥብናል። እዚህ ያላችሁ አቅማችሁ የፈቀደውን በየሱቃችን ባለው መዝገብ አስመዝግባችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ለጊዜው እጅ ያጠራችሁ ባልደረቦቻችንም ያረጀ ጓንታችሁን አትጣሉት፤ ስንት ወር እንደሠራችሁበት ጽፋችሁ አምጡልን፣ መጀመሪያ የምንፈትሸው እሱን ነው።