ከወላይታ ጓሮ እስከ ሃዋይ፦ የታሪክና ጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ያጠናው የሃዋይ ደሴቶች ነባር ሕዝብ ምን ይበላ እንደነበር ነው። ርዕሱን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የደሴቶቹን ፎቶ ስናይ፣ ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ የበቀለውን ሰፊ ቅጠል አይታ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ጎደሬ ነው! ወላይታ አያቴ ጓሮ ሞልቷል» አለች። ልክ ናት። ሃዋዮች ካሎ የሚሉት የእኛኑ ጎደሬ ነው።

ካሎን ያመጡት ውቅያኖሱን በታንኳ ያቋረጡት ፖሊኔዥያውያን ናቸው። ስኳር ድንች፣ ሙዝ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ አሳማና ዶሮም ይዘው ነበር። በትውፊታቸው ካሎ የሰው ታላቅ ወንድም ነው። የሰማይ አባት የሚሉት የዋኬአ የበኩር ልጅ ሞቶ ተወለደ፤ ከተቀበረበት ቦታ ካሎ በቀለ። ቀጥሎ የተወለደው ልጅ የሕዝቡ አባት ሆነ። ስለዚህ ታናሹ ታላቁን ይንከባከባል፤ ታላቁም ታናሹን ይመግባል። የካሎ ገበታ ቀርቦ መጨቃጨቅ ነውር ነው።

ከካሎ የሚሠራውን ፖይ እኛም ሞክረነዋል። የትምህርት ቤታችን ምግብ አብሳይ እናት «ጥሬውን እንዳትልጡት፣ እጃችሁን ያሳክካችኋል» ብለው አስቀድመው መከሩን። ቀቅለን ላጥነው። ሃዋዮች በእንጨት ገበታ ላይ በድንጋይ ይወቅጡታል፤ እኛ በሙቀጫና በዘነዘና ወቀጥነው። ውሃ ጠብ እያደረጉ ሲወቅጡት እየተሳበ፣ እያብረቀረቀ ይመጣል። የዕለቱ ለስለስ ያለ ነው። ሲያድር ግን እንደ ቡኮ ኮምጠጥ ይላል፤ ሃዋዮችም ብዙዎቹ የሚወዱት ይህንኑ ነው። ውፍረቱን የሚለዩት በጣት ነው፦ ወፍራሙ በአንድ ጣት ይነሳል፣ ቀጭኑ ሦስት ጣት ይፈልጋል። ልጆቹ ወዲያው መሞከር ጀመሩ። የእኛው የሁለት ጣት ሆነ።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራችን የዓሣ ኩሬ ሞዴል ነበር። ሃዋዮች የባሕሩን ዳር በድንጋይ ግንብ ይከልሉና የእንጨት ፍርግርግ በር ያበጁለታል። ትንንሹ ዓሣ በፍርግርጉ ሾልኮ ይገባል፣ ሲወፍር መውጫ ያጣል። ይህን ያሰበ ሰው ባሕሩን ምን ያህል እንደሚያውቀው አስቡት! በኦዋሁ ደሴት ያለው የሄኤያ ኩሬ 35 ሄክታር ገደማ ይሰፋል፤ ዛሬም ግንቡን የሚጠግኑ በጎ ፈቃደኞች አሉት።

ሴት ተማሪዎቻችን ደግሞ የማዕዱን ሕግ በድራማ አቀረቡ። ድሮ ሴቶች ከወንዶች ጋር መብላት አይፈቀድላቸውም ነበር። የአሳማ ሥጋ፣ ሙዝና ኮኮናትም ክልክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1819 ንጉሥ ሊሆሊሆ ከሴቶች ጋር በአንድ ማዕድ በላ፤ ሕጉ በዚያው ፈረሰ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ1835 በካዋይ ደሴት ኮሎዋ ላይ የሸንኮራ እርሻ ተቋቋመ። እርሻዎቹ ሲበዙ የወንዞቹ ውሃ በቦይ ወደ አገዳው ተጠለፈ፤ ብዙ የካሎ ማሳ ደረቀ። እኔ በክበቡ ደጋግሜ ያነሳሁት ይህንን ነው፦ ካሎን ያራቀው የሰው ምርጫ ብቻ አይደለም፣ ውሃው ተወስዶበታል። ዛሬ ሃዋይ አብዛኛውን ምግቧን የምታገኘው ከውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በኦዋሁ ደሴት ዋይአናኤ በተባለ አካባቢ 20 ነባር ሃዋውያን ለሦስት ሳምንት ወደ አያቶቻቸው ምግብ ተመለሱ። እስኪጠግቡ እየበሉ በአማካይ ወደ 8 ኪሎ ቀነሱ፤ ኮሌስትሮላቸውም ወረደ። የባዮሎጂ መምህራችን ይህን ይዘው የሰጡት ማብራሪያ ሰዓት አልፎም ልጆቹን ከወንበራቸው አላስነሳም።

በወላጆች ቀን ሞዴሉንና ፖዩን ለዕይታ አቅርበናል። አንዳንድ ወላጆች የጎደሬ አሠራር እያስጻፉን ሄዱ። ለመጪው ዓመት ልጆቹ የኒውዚላንድ ማኦሪዎችን መርጠዋል፤ በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ የሚበስለውን ሃንጊ ማጥናት ይፈልጋሉ። ጉድጓዱን የት እንደምንቆፍር ከአትክልት ክበብ ጋር እየተነጋገርን ነው። አዲስ አባላት መስከረም ላይ ቤተ መጻሕፍት መጥታችሁ ተመዝገቡ።