ያ ዳስ የሽንኩርት ነው

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ «ሕገወጥ ግንባታ» ያወጣችሁትን ዘገባ እኛ ሰፈር ያላየው ሰው የለም። ስለ ደላሎቹና በሌሊት ስለሚቆሙት የቆርቆሮ ቤቶች የጻፋችሁት እውነት ነው፣ እንዲያውም አንሷል። እኔን ያናደደኝ ሦስተኛው ፎቶ ነው። ከሥሩ «ለካሳ ተብሎ የተሠራ የጨረቃ ቤት» ይላል።

ኧረ ባካችሁ! ዳሱ የኔ ነው። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ከላይ ሣር፣ መሃሉ ላይ የሸምበቆ ቆጥ። ግድግዳ የለው፣ በር የለው። እዚያ የሚያድረው ሽንኩርት ብቻ ነው፤ እሱም ኪራይ ከፍሎ አያውቅም።

ፎቶ አንሺው ከመኪናው ወርዶ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። እንደ ፎገራና እንደ መቂ ሁሉ እኛም በመስኖ ሽንኩርት እናመርታለን። ሁሉም ባንድ ሰሞን ይነቅልና ዋጋው ይወድቃል። የተነቀለ ሽንኩርት ደግሞ ጥላና ንፋስ አግኝቶ አንገቱ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ስለዚህ ዳስ የሌለው ሰው ነጋዴው ማሳው ድረስ መጥቶ በጠራለት ዋጋ፣ ከስድብ ባልተናነሰ ዋጋ፣ አራግፎ ይሸጣል። ዳስ ያለው ትንሽ ይታገሣል። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው።

«ሕገወጥ» ያላችሁት ግን በየትኛው ሕግ ነው? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ በዋናነት ያወራው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ስላላቸው ከተሞች ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ይችን ሁሉም በቃሉ ያውቃታል። እዚያው አንቀጽ ላይ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬቱ ላይ ለሚገነባው ንብረት ሙሉ መብት አለው የምትለዋን ግን እናንተ ጋ አንድም ቀን አንብቤያት አላውቅም።

የኔ መሬት አንድ ቃዳ ናት፣ ሩብ ሄክታር መሆኗ ነው። ከአባቴ የወረስኳት፣ የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ያላት። ከተማው ሲሰፋ «ፕላን ውስጥ ገብታችኋል» ተባልን። የገጠር መሬት ቢሮ ስሄድ «ከኛ ወጥተሃል፣ ማዘጋጃ ሂድ»። ማዘጋጃ ስሄድ «ካርታ አለህ?» የለኝም፣ ያለኝ ደብተር ነው። «እንግዲያው ገጠር ነህ፣ ተመለስ»። ለማፍረስ ሲመጡ ግን ገጠር ነህ ከተማ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የአንዲት ጎረቤቴ የዶሮ ቤት ላይ ቀይ ኤክስ ቀብተውበት ሄደዋል። የዶሮ ቤት! ዶሮዎቹም ባለሀብት ሆነው ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

በደላላ እጅ መሬት ቆራርሶ የሚሸጠውና ምርቱን ዝናብ እንዳያበላሽበት ጥላ የሚያቆመው ባንድ ፎቶ፣ ባንድ ስም ሲወጡ የሚጠቀመው የመጀመሪያው ነው። እሱ ሲፈርስበት ሌላ ቦታ ይሄዳል። እኔ የት ልሂድ?

ማረሚያ ማውጣቱ ከከበዳችሁ አንድ ነገር ብቻ ሥሩልኝ። ስልክ አላችሁ፣ ባለሥልጣኑም ለእናንተ ያነሣል። ደብተር ይዞ ፕላን ውስጥ ለገባ ገበሬ የዳስ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ የትኛው እንደሆነ ጠይቁና ጻፉ። በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ታገኙኛላችሁ።

አንድ የሽንኩርት ገበሬ