ላሊበላን በእግሯ ለምትሳለም ልጄ

ውድ ልጄ፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከወልድያ ላሊበላ በእግርሽ ሄደሽ ገናን እዚያ ለማክበር ማሰብሽን ሰማሁ። እናትሽ «መኪና እያለ?» እያለች ታጉረመርማለች። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። መንገዱን ስለማውቀው ጥቂት ልምከርሽ።

አዲስ ጫማ እንዳትገዢ። እግርሽ የለመደው ስኒከር ይሻላል። ከወልድያ እስከ ዲልብ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጉልበት የሚጨርሰው ግን ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ከታጠፍሽ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ዘንግ ያዢ። የጋሸና ብርድ ቀልድ አያውቅም፤ ጃኬትሽ ለፎቶ ያምር ይሆናል፣ ለታኅሣሥ ሌሊት ግን ጋቢ ነው።

የገና ጾም ስለሆነ ስንቅሽ በሶና ዳቦ ቆሎ ይሁን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ እናቶች ታገኛለሽ። ከእነሱ ጋር አትፎካከሪ። ቢቀድሙሽም አይግረምሽ፤ እኔንም በጎረምሳነቴ ጥለውኝ ሄደዋል።

ይሄ ሁሉ ቀላል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጠባይሽ ነው። አንቺ የሰው ነገር መቀበል ይከብድሻል። አንድ ሰው ቡና ከጋበዘሽ በማግስቱ ካልመለስሽ እንቅልፍ አይወስድሽም። በዚያ መንገድ ይሄ አያዋጣም። ውድማ ላይ ያለ ገበሬ ሥራውን አቁሞ ጠላ ቢያቀርብልሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለሽ ጠጪ። ብር ብታወጪ ቅር ይለዋል። ሲመሽ ደግሞ ደጅ ቆመሽ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» በይ። «ቤት ለእንግዳ» ካሉሽ ግቢ። መደቡን ለቀውልሽ እነሱ መሬት ሊተኙ ይችላሉ። አትከራከሪ።

ላሊበላ ስትደርሺ ደግሞ የአገሬው ሰው የተሳላሚ እግር ያጥባል። ሳፋ ቀርቦ፣ ለብ ያለ ውሃ ፈስሶ፣ በጣትሽና በጣትሽ መሀል የገባውን አቧራ ሳይቀር ያሹልሻል። እኔን ያጠቡኝ ሴትዮ በዕድሜ ከእናቴ ይበልጡ ነበር። አፍሬ እግሬን ብሰበስብ ተቆጡኝ። «በረከቱ የእኔ ነው፣ አንተ ምን አገባህ? አርፈህ ቁጭ በል!» አሉኝ። አርፌ ቁጭ አልኩ።

የበዓሉን ሌሊት አትተኚ። የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደትም አብሮ የሚከበርበት ነው። ጠዋት ቤተ ማርያም ጋ ካህናቱ ግማሹ ከአለቱ አናት፣ ግማሹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» እየተቀባበሉ ያዜማሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ሰው ስለሚጨናነቅ ቦታ በጊዜ ያዢ። 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ልጨርስ አትበዪ። ቤተ ጊዮርጊስን ሕዝቡ ወደ አገሩ ሲመለስ ብትሳለሚው ይሻላል፤ ያኔ ከላይ ቆመሽም ወደ ታች ወርደሽም እንደ ልብሽ ታይዋለሽ።

አንድ ነገር ግን አስረግጬ ልንገርሽ፦ አጎትሽ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳያጣራ ከወልድያ እንዳትነሺ። ሰላም ካልሆነ በሚቀጥለው ዓመትም ገና አለ። ስትነሺ ደውዪ። ከዚያ ኔትወርክ ቢጠፋም እኔ አልጨነቅም፤ እናትሽን የማረጋጋው እኔ ስለሆንኩ ግን በደረስሽበት ከተማ ሁሉ መልእክት ላኪ።

አባትሽ