ነጥቡ ሲያንስ አስሙ ይብሳል እንጂ አይቀልም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ገጻችሁ ስለ አስም መጠይቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት ዓይኔን ስላላመንኩት ነው። ድምሩ ከ20 ከበለጠ አስሙ ጠንቷል፣ ከ15 ካነሰ ቀላል ነው ብላችኋል። ተገልብጧል!

ያለፉትን አራት ሳምንታት የሚጠይቀው ያ ባለአምስት ጥያቄ ወረቀት ለእያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። 5 ማለት ደህና ነኝ ማለት ነው። ድምሩ 20 እና ከዚያ በላይ የሆነለት አስሙ በቁጥጥር ሥር ነው፤ ከ16 እስከ 19 ያገኘ ይቀረዋል፤ 15 እና ከዚያ በታች ያገኘ ግን በጣም ከቁጥጥር ወጥቶበታልና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ጸሐፊያችሁ ከሌላ መጠይቅ ጋር ሳያምታቱት አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ባለሰባት ጥያቄው ያለፈውን አንድ ሳምንት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ነጥቡም ከ0 እስከ 6 ነው። ቁጥር ሲጨምር የሚብሰው እዚያ ላይ ነው።

እኔ እንጀራ ጋግሬ ልጆች የማሳድግ ሴት ነኝ። ከአስም ጋር 19 ዓመት ኖሬያለሁ፤ ወረቀቱን በክትትል ስንት ጊዜ ሞልቼዋለሁና አልተታለልኩም። አብረውኝ የሚጋግሩት ጎረቤቴ እትዬ ግን ተታለሉ። ልጃቸው እያነበበችላቸው መለሱ። በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት ታፍነው ይነሳሉ፤ 2። ትንፋሻቸው በቀን ደጋግሞ ያጥራቸዋል፤ 1። አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ያስፈታቸዋል፤ 2። ራስዎ ሲመዝኑትስ ሲባሉ ብዙም አልያዝኩትም አሉ፤ 2። ቀረ ትንፋሽ ሲያጥር በአፍ የሚሳበው የማስታገሻው ጥያቄ፦ ፓፍ ስንት ጊዜ ነፉ? ምንም። 5!

ለምን ምንም? ፓፉ ካለቀ ወር አልፎታል፤ መግዣ የላቸውም። በነበራቸው ጊዜ በቀን ሦስቴ ይነፉ ነበር፤ ያ ቢሆን 1 ነበር የሚያገኙት። በዚህ መጠይቅ የ3 ነጥብ ለውጥ ትልቅ ነገር ነው፤ እዚህ ባዶ ብልቃጥ ብቻውን 4 ነጥብ ጨመረላቸው። ወረቀቱን አልወቅስም፣ ከሐኪም ጋር ወሬ ማንሻ እንዲሆን ነው የተሠራው። ወረቀቱ ስንት ጊዜ ተጠቀምክ ይላል እንጂ መድኃኒቱ አለህ ወይ አይልም፤ ያንን ጋዜጠኛ ይጠይቅ!

ድምሩ 12 ሆነ። ልጅቷ "እማዬ፣ ቀላል ነው ይላል" አለቻቸው። እትዬም ቀጠሯቸውን ተዉት።

ጽሑፋችሁ ስለ ቢሮ ሠራተኛና ስለ ስፖርተኛ ብዙ አውርቷል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ በእርጥብ እንጨትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ውስጥ የምንቆመውን ሴቶች ግን በአንድ መስመር እንኳ አላነሳችሁንም። አስም እኛን አያውቀንም? ከምጣዱ ሥር ተነስተን እያሳልን በር የምንይዘውን ማን ቆጠረን?

እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡ። ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል እንዳታደርጉት እለምናችኋለሁ። እትዬን ትናንት እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወስጃቸዋለሁ። ያንን ገጽ አንብበው ቀጠሮ የተዉትን ሌሎቹን ግን የት አግኝቼ ልጎትታቸው?

እንጀራ ጋጋሪዋ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ